ለገና ቤተሰብ ሲሰበሰብ በውስኪ በርሜል የከረመ ቢራ ላቀምስ ነው፤ ምከሩኝ

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ
ታኅሣሥ 14

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ዘንድሮ ገና እኛ ቤት ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። እናትና አባቴ ከእኛ ጋር ናቸው። ሁለቱ አክስቶቼ ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። አጎቴም ከነባለቤቱ ከሪችመንድ ይመጣል። ትንንሾቹን ሳንቆጥር አሥራ ሁለት እንሆናለን። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ድፎው ሁሉም ባለቤት አለው። የእኔ ድርሻ መጠጡ ነው።

ላለፉት አራት ዓመታት በየብላክ ፍራይደዩ፣ ማለትም በታንክስጊቪንግ በዓል ማግስት፣ አንዳንድ ጠርሙስ እገዛለሁ። አብዛኛው ቦርቦን በሚባለው የአሜሪካ የበቆሎ ውስኪ በርሜል ውስጥ ወራት የከረመ ቢራ ነው። ቀኑ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል ወይ እንደገባ ስለሚውል እኛ ቤት ያን ሰሞን ጠርሙስ አይከፈትም። እንዲህ እንዲህ እያለ ተጠራቀመ። አሁን ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ ያለኝ ይሄ ነው። የቺካጎው ጉስ አይላንድ ቦርቦን ካውንቲ ስታውት (ስታውት ማለት ወፍራም ጥቁር ቢራ ነው) ሁለት ጠርሙስ፣ አንዱ የዘንድሮ፣ አንዱ የመጀመሪያው ዓመት። የሚሺጋኑ ፋውንደርስ ኬቢኤስ፣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የእንግሊዙ ጄ.ደብሊው. ሊስ ሃርቨስት ኤል፣ ሸሪ በሚባለው የስፔን ወይን በርሜል የቆየው። በመጨረሻ ደግሞ አጎቴ የሚኮራበት የሪችመንዱ ሃርዲውድ ጂንጀርብሬድ ስታውት። ይሄኛው በርሜል አልገባም፤ ለመግቢያ ይሆናል ብዬ ነው።

ቤተሰቤ ቢራ ሲባል የሚያውቀው 5 በመቶ አካባቢ ያለውን ነው። ቀዝቃዛ፣ ወርቃማ፣ ከጥብስ ጋር በጠርሙስ የሚጠጣ። አባቴ ጥቁር ቢራ ከተነሳ የሐረሩን ሐኪም ስታውት ይጠራል። እነዚህ ግን ከ9 እስከ 15 በመቶ ናቸው። አጎቴ እንደለመደው አንድ ጠርሙስ ብቻውን ከያዘ ነገር ይበላሻል።

ሌላው የእናቴ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን እያለች ጠላ በመጥመቅ የታወቀች ነበረች። ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለተዝካር እሷ ናት የምትጠራው። አሁንም እሷ ቀምሳ ፊቷን ካጨማደደች ቤቱ በሙሉ ብርጭቆውን ያስቀምጣል።

እና በምን ልቅዳ? ከምግቡ ጋር ነው ወይስ በኋላ? የቱ ይቅደም? ከልቤ የምወደው ነገር ስለሆነ በአግባቡ ላቀርብላቸው እፈልጋለሁ።


ወይራ_ጢስ
ታኅሣሥ 14

ወንድሜ፣ ጥሩ ካርቶን ነው የያዝከው። እኔ ዴንቨር ነኝ። ቤቴ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ።

መጀመሪያ ለእናትህ የምትነግራት ነገር ይኑርህ። ጠማቂ ሰው ታሪኩን ሳይሰማ አይቀምስም። በአሜሪካ ሕግ አንድ ውስኪ ቦርቦን ለመባል ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ እቃ ውስጥ መቆየት አለበት። አዲስ ነው የሚለው ሕጉ። ስለዚህ አንድ በርሜል ለቦርቦን የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ይሸጣል። ብዙው ወደ ስኮትላንድ ውስኪ ቤቶች ይሄዳል፤ ጥቂቱ ቢራ ጠማቂዎች እጅ ይገባል። አንዱ በርሜል 200 ሊትር ያህል ይይዛል። ውስኪው ከተቀዳ በኋላ እንጨቱ የጠጣው እዚያው ይቀራል። ቢራው ይገባና ከስምንት ወር እስከ ዓመት ተቀምጦ ያንን ስቦ ያወጣዋል።

ልብለባው ራሱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የበርሜሉ ውስጥ ይከስላል። ከከሰሉ ሥር ያለው የእንጨቱ ስኳር ተለብልቦ እንደ ካራሜል ይሆናል። ቫኒላ ቫኒላ የሚለው ሽታም፣ ኮኮናት የሚመስለውም ከኦኩ ነው የሚመጣው። በቦርቦን ካውንቲው ላይ ቫኒላ የጨመረበት ሰው የለም። እንጨት ነው።

ጉስ አይላንድ ይህንን የጀመረው በ1990ዎቹ ነው። ግሬግ ሆል የሚባለው ጠማቂ ለ1000ኛው ጠመቃ የተለየ ነገር ፈልጎ፣ ጂም ቢም ከሚባለው የቦርቦን ፋብሪካ ከቡከር ኖ በርሜል አገኘ ይላሉ። ዛሬ ይሄ በሺህ የሚቆጠር ጠማቂ የሚሠራው ነገር ነው። ያኔ ግን ቢራ ዳኞች የት መደብ እንደሚያስገቡት አላወቁም ነበር።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ከፍሪጅ አውጥተህ ቶሎ አትቅዳ። በረዶ የሆነ ስታውት ሽታውን ይደብቃል። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ ከፍሪጅ ከወጣ አንድ ሰዓት ያህል ማለት ነው። ምድር ቤትህ ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያው በቀጥታ አምጣው። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። የወይን ብርጭቆ በቂ ነው።

ቅደም ተከተሉን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አድርገው። ሃርዲውዱ፣ ከዚያ የእንግሊዙ፣ ከዚያ ኬቢኤስ፣ መጨረሻ ሁለቱ ቦርቦን ካውንቲዎች ጎን ለጎን። እነዚህን ሁለቱን ለያይተህ እንዳትቀዳቸው። አንድ ቢራ በዕድሜ እንዴት እንደሚቀየር በምላስህ የምታየው ያኔ ነው።

አንድ ስጋት አለኝ። ኬቢኤስ ቡና ያለበት ቢራ ነው። ቡና ደግሞ በጠርሙስ ውስጥ ዕድሜ የለውም። ሦስት ዓመት ብዙ ነው።


ቀጨኔ_ልጅ
ታኅሣሥ 15

በብርሌ አቅርበው። ገና ነው፣ ቤተሰብ ነው፣ ወይን ብርጭቆ ምን ያደርጋል?


ወይራ_ጢስ
ታኅሣሥ 15

@ቀጨኔ_ልጅ ለዓይን ብርሌን የሚያህል የለም። ግን አንገቱ ቀጭን ነው፤ አፍንጫ አያስገባም። ከዚህ ቢራ ግማሹ ሽታው ነው። በብርሌ ከተጠጣ የኦኩንም የውስኪውንም ነገር ትተነው ጣፋጩን ብቻ ነው የምንውጠው።


ነርሷ_አትላንታ
ታኅሣሥ 15

እኔ ስለ መጠኑ ልናገር፣ ሥራዬም ስለሆነ።

እዚህ አገር አንድ መጠጥ ብለን የምንቆጥረው 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። አንድ ተራ የ5 በመቶ ቢራ፣ ባለ 12 አውንሱ ጠርሙስ ማለት ነው። ያ ቦርቦን ካውንቲህ ግን ግማሽ ሊትር ነው፣ 14 በመቶ አካባቢ። ስታሰላው አንዱ ጠርሙስ አራት ቢራ ነው። አጎትህ አንድ ጠርሙስ ብቻቸውን ከያዙ አራት ቢራ ጠጡ ማለት ነው፤ ያውም የጠጡት አንድ መስሏቸው። ጣፋጭ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ አያስታውቅም።

አንድ ጠርሙስ ለስምንት ሰው ከተካፈለ ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የአንድ ቡና ስኒ ልክ ነው። ያ ማለት የግማሽ ቢራ ያህል አልኮል ነው። አምስቱንም የቀመሰ ሰው በስኒ ልክ ከተቀዳለት ሁለት ቢራ አካባቢ ላይ ይቆማል። ይሄ ጤናማ አዋቂ ሰው በልቶ፣ ውሃ እየጠጣ የሚችለው ነው።

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ አባት ወይም እናት ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እህት አትቅመስ። እና ወደ ሪችመንድ የሚመለሰውን መኪና የሚነዳው ማን እንደሆነ ከመቀመጣችሁ በፊት ይወሰን። ሁለት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው። ወይም ያደሩ።


አዲስ_ጠማቂ
ታኅሣሥ 15

እኔ ደግሞ ከዶሮው ጋር አትስጣቸው እላለሁ። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ሞክሬዋለሁ። 13 በመቶ የሆነ ስታውት ከእናቴ ዶሮ ጋር። የበርበሬው ቃጠሎ እጥፍ ሆነ። አማቼ ዓይናቸው እንባ ሞላ። በኋላ ሳነብ አልኮልና በርበሬ ምላስ ላይ የሚነኩት አንድ ነርቭ ነው። አንዱ ሌላውን ያነደዋል።

ከምሳ በኋላ፣ ቡና ሲቆላ ይሁን። ድፎ ዳቦና አይብ አጠገቡ ይኑር። አይቡ ከዚያ ወፍራም ስታውት ጋር የሚገርም ነው። ጨው ጣል ያለበት አይብ ከሆነ ጣፋጭነቱን ይሰብረዋል።


ኪዳነምሕረት_ሰፈር
ታኅሣሥ 16

ሌላ ያልተነሳ ነገር። ያ ጂንጀርብሬድ ስታውት ወተት ስታውት ከሚባለው ወገን ነው። ዝንጅብልና ማር አለበት፣ የወተት ስኳርም አለበት። እርሾ የወተትን ስኳር መብላት አይችልም፤ ስለዚህ ጣፋጩ እዚያው ይቀራል። አሠራሩ እንደዚያ ነው።

ገና ላይ ፍስክ ነው፣ ችግር የለውም። ግን የተረፈውን ጠርሙስ አክስትህ ለሚቀጥለው ረቡዕ ወይ ዓርብ ይዘው ከሄዱ ሳያውቁት ይገድፋሉ። ከእኛ አገር ሰው ደግሞ ወተት ሆዱን የሚነፋው ብዙ ነው። ቢራ ብሎ የጠጣ ሰው ወተት አለበት ብሎ አይጠረጥርም። ቀድመህ ንገራቸው።


ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ
ታኅሣሥ 16

@ኪዳነምሕረት_ሰፈር ይሄን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ትልቋ አክስቴ ወተት አይስማማትም። እግዜር ይስጥልኝ።

@ነርሷ_አትላንታ አጎቴ እኛው ጋ ያድራል፤ ዛሬ ደውዬ ተስማማን። አባቴ የግፊት መድኃኒት ስለሚወስድ ሐኪሙን ይጠይቃል።


ቺካጎ_ሮጀርስፓርክ
ታኅሣሥ 16

እኔ የምኖረው ቺካጎ ነው። ጉስ አይላንድን ትልቁ የቢራ ኩባንያ አንሆይዘር ቡሽ በ2011 ገዝቶታል። ከዚያ በኋላ ብዙ የቢራ ወዳጅ ክራፍት፣ ማለትም ራሱን የቻለ ትንሽ ጠማቂ፣ ነው ብሎ አይጠራውም። የአሜሪካ ትንንሽ ጠማቂዎች ማኅበር በሚያወጣው መለኪያም አይደለም፤ የሌላ ትልቅ መጠጥ አምራች ድርሻ ከ25 በመቶ በታች መሆን አለበት ይላል። ለእኔ ይሄ ቁም ነገር ነው። ገንዘባችን የት እንደሚሄድ ማወቅ አለብን። ሆኖም ቢራው ራሱ ጥሩ ነው። በየዓመቱ ብላክ ፍራይደይ ጠዋት ብርድ ላይ ተሰልፌ እገዛዋለሁ።


መስከረም_ዳላስ
ታኅሣሥ 17

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ሌላ ነገር ልናገር።

ወንድሜ በመጠጥ ተጎድቶብኛል። ሦስት ዓመት ሆነው ካቆመ። ቤተሰብ ሲሰበሰብ የሚከብደው ጠርሙሱን ማየቱ አይደለም፤ ‘ትንሽ ቅመስ፣ ለዛሬ ብቻ’ የሚለው ነው። ከሚወዳቸው አፍ ነው የሚመጣው። አክስት ናት የምትለው፣ አጎት ነው የሚለው። እምቢ ሲል እንዳኮረፈ ይቆጥሩታል። እናንተ እዚህ የምታወሩት ስለ ሙያ ነው፣ ይገባኛል። ግን ከአሥራ ሁለት ሰው መሀል አንዱ እንደ ወንድሜ ሊሆን ይችላል። ሳይናገርም ሊቀመጥ ይችላል።


ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ
ታኅሣሥ 17

እህቴ መስከረም፣ ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የታናሿ አክስቴ ልጅ አይጠጣም። ለምን እንደማይጠጣ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ያሰብኩት እንዲህ ነው። ማንም ለማንም አይቀዳም፣ ከእኔ በቀር። የፈለገ ብርጭቆውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ‘እንካ፣ ያዝ’ የሚል አይኖርም። እናቴን ደግሞ ብርዝ እንድታዘጋጅ እለምናታለሁ፤ ማርና ውሃው ሳይፈላ፣ ጌሾ ሳይገባበት። በዚያው ብርጭቆ ይቀርባል። ወንድምሽን እግዚአብሔር ያጽናልሽ።


መስከረም_ዳላስ
ታኅሣሥ 17

አሜን። ብርዙ ጥሩ ነው። ያለ ማብራሪያ ይቅረብ።


ቦሌ_ሚካኤል
ታኅሣሥ 18

ከአዲስ አበባ ነኝ። እኛ ጋ እንዲህ ዓይነቱን የሚሸጥ ሱቅ አላየሁም። ጥቁር ቢራ ሲያምረኝ ቦሌ ያለው ቢር ጋርደን ኢን ሄጄ ኢቦኒ እጠጣለሁ። እዚያው የሚጠመቅ ነው። በርሜል ግን የለም። ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል ወይ?


ወይራ_ጢስ
ታኅሣሥ 18

@ቦሌ_ሚካኤል ይቻላል። ብዙ የቤት ጠማቂ በርሜል የለውም። የተጠበሰ የኦክ ቁራጭ ይገዛል፣ ውስኪ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይዘፈዝፋል፣ ከዚያ ከነውስኪው ፈልቶ ያለቀው ቢራ ላይ ይጨምረዋል። ለ19 ሊትር 55 ግራም ያህል እንጨት ይበቃል። በየሳምንቱ ይቀመሳል። እንጨት እንጨት ማለት ሲጀምር ቶሎ ይወጣል።

ቢራው ግን ራሱ ጠንካራ መሆን አለበት። ቀጭን ቢራ ላይ ኦክ ብትጨምር ሳንቃ እንደመላስ ነው። ብቅሉ ብዙ፣ ውሃው ጥቂት፣ እርሾው ጤነኛ። ለዚህ ነው ውድ የሚሆነው።


ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ
ጥር 1

እንኳን አደረሳችሁ። የሆነውን ላውራችሁ።

ምሳ ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ። ከዶሮው ጋር ውሃና ለስላሳ ብቻ ነበር የቀረበው፣ እንደመከራችሁኝ። እናቴ ቡናው ጋ ቁጭ አለች። ከሰሉ ተያያዘ፣ ዕጣኑ ተጨመረ። ዕጣኑን ትንሽ እንድታቆየው ለመንኳት፤ የቢራውን ሽታ ይሸፍናል ብዬ። ‘ለቢራ ብለህ ዕጣን ታስቆማለህ?’ አለችኝ። ግን አቆየችልኝ።

ስድስት ስድስት ብርጭቆ በሁለት ትሪ ደረደርኩ። ከመጀመሪያው ቀደም ብዬ አክስቴን ወተት እንዳለበት ነገርኳት፤ እሷ ያንን አለፈችው። አጎቴ የሰፈሩ ቢራ ስለሆነ ዝንጅብሉን ወደደው። የእንግሊዙ ሁሉንም አስገረመ። ጥቁር አይደለም፣ የሻይ መልክ አለው። ዘቢብ ዘቢብ፣ ማር ማር ይላል። ታናሿ አክስቴ ‘ይሄ የደረቀ ቴምር ነው’ አለች። አልተሳሳተችም።

ኬቢኤስ ላይ ወይራ_ጢስ ያለው ደረሰ። ‘ይሄኛው ቡና አለው’ ብዬ ነበር የቀዳሁት። ትልቋ አክስቴ ቀመሰች፣ እንደገና ቀመሰች። ‘በረካው ነው የደረሰን’ አለች። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። አቦሉ ጠርሙሱ ውስጥ አልቋል። ሦስት ዓመት አስቀምጬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቸኮሌቱ ግን ነበረ፣ እንጨቱም ነበረ።

ከዚያ ቦርቦን ካውንቲ።

የቆየውን ጠርሙስ ልቀዳ ስል እናቴ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። የግራ መዳፏን ሰብሰብ አደረገችና ጥቂት ጠብ አደረገችበት። ፉት አለችው። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ እንግዳ ፊት ጠላ ስትቀዳ ቀድማ ከመዳፏ ትቀምሳለች። ቀጂ ያልቀመሰው አይቀዳም። እዚህ አገር ከመጣች ወዲህ ግን ስታደርገው አላየሁም ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሆነ።

ከቀመሰች በኋላ ሁለት መዳፎቿን አሻሸች። አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ ቆየች። ዓይኖቿን ጨፍናለች። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሁሉም ፊቷን ነው የሚያየው።

‘ጋኑን በምን አጥነውት ነው?’ አለች።

ያንን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። ስለ በርሜሉ ለመናገር ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። በርሜል እንደሆነ፣ ውስጡን በእሳት እንደሚለበልቡት ነገርኳት።

‘ወይራ ነው?’

‘አይ፣ ኦክ የሚባል እንጨት ነው።’

‘ገብሱንስ ቆልተውታል አይደል? እንደ እንኩሮ አጥቁረውታል።’

አዎ አልኳት። የስታውት ጥቁረት ከተቆላ ገብስ ነው። ጠላም መልኩን የሚያገኘው እንኩሮው ሲጠቁር ነው። እሷ ይሄንን ከመዳፏ ላይ አወቀችው። እኔ አራት ዓመት አንብቤ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ በኋላ ማቅመሱ የእሷ ሆነ። አባቴ ሐኪሙ ትንሽ ፈቅዶለት ስለነበር ግማሽ ስኒ ቀዳችለት። አዲሱንና የቆየውን በየተራ አሸተተ። አዲሱ ላይ ‘ይሄ ገና ይቆጣል’ አለ። የቆየው ላይ ‘ይሄ ሰክኗል’ አለ። ከዚህ የተሻለ ቃል የትም አላነበብኩም። አዲሱ ውስኪው ፊት ፊት ይላል፣ ደረት ያሞቃል። የቆየው ውስጥ ውስኪውና ቸኮሌቱ አይለዩም። መጨረሻ ላይ ትንሽ የአኩሪ አተር ስጎ የሚመስል ጨዋማ ነገር ነበረው። ዕድሜ ነው። ከዚህ በላይ ባስቀምጠው ኖሮ የሚበላሽ ይመስለኛል።

አጎቴ ከስኒው በላይ አልጠየቀም። እውነቱን ለመናገር ስንጨርስ ከጠርሙሶቹ ሁሉ የተረፈ ነበር። ነገሩ ወፍራም ነው፤ ጥቂቱ ይበቃል።

ብርዙን አራት ሰው ጠጣ። የታናሿ አክስቴ ልጅ በዚያው ብርጭቆ ይዞ ከእኛ ጋር እያሸተተ፣ ‘እስቲ የቆየውን ላሽትተው’ እያለ አመሸ። ማታ ሲወጣ እጄን ጨበጥ አድርጎ ‘ጥሩ ነበር’ አለኝ። መስከረም፣ ይሄንን ለአንቺ ብዬ ነው የጻፍኩት።


መስከረም_ዳላስ
ጥር 1

አነበብኩት። ለወንድሜም አነበብኩለት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


አዲስ_ጠማቂ
ጥር 1

የእናትህ መዳፍ ነገር! አያቴ እንደዚያ ታደርግ ነበር። ረስቼው ነበር። አይቡስ?


ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ
ጥር 1

አይቡ መጀመሪያ ያለቀው እሱ ነው። ከድፎው ቀድሞ።


ወይራ_ጢስ
ጥር 2

ለእናትህ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ስለ ጋኑ ያሉት ልክ ነው፤ አንድ ልዩነት ብቻ አለ። ወይራው ጋኑ ላይ ጢሱን ትቶ ይሄዳል። ሸክላው ራሱ የሚሰጠው ነገር የለም። በርሜሉ ግን ራሱን ይሰጣል፤ ስኳሩንም፣ ቫኒላውንም። ለዚህ ነው ከአንድ ሁለት ጠመቃ በኋላ ጉልበቱ የሚያልቀው። ጋን ግን በታጠነ ቁጥር አዲስ ነው።


ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ
ጥር 2

ነገርኳት። ‘አየህ፣ ጋን ይሻላል’ አለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። ትንሽ በርሜል ይገኛል ወይ? ጠላ ጠምቃ ልታስገባበት ትፈልጋለች። የምሯን ነው። ብቅልና ጌሾ የት እንደሚሸጥ ለአክስቴ ደውላ ጠይቃለች።


ወይራ_ጢስ
ጥር 2

ይገኛል። ትልቁ 200 ሊትር ለቤት አይሆንም። 20 ሊትር የሚይዝ ትንሽ አለ። ትንሽ በርሜል ግን ቶሎ ይሰጣል፤ ከፈሳሹ ጋር ሲነጻጸር የሚነካው እንጨት ብዙ ነው። ትልቁ በዓመት የሚሠራውን በሳምንታት ይጨርሳል። በየሳምንቱ ይቅመሱት።

ጠላ ላይ ግን አልመክርም። በእንጨቱ ቀዳዳ አየር ይገባል። ጠላ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ሳይሰነብት ኮምጣጤ ይሆናል። ጠጅ ይሻላል። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ አድርገው፣ ጌሾው ወጥቶ ጠጁ ከጠራ በኋላ ይግባ። እዚህ አገርም የማር ወይን በቦርቦን በርሜል የሚያስቀምጡ ጠማቂዎች አሉ፤ ማርና ኦክ ይዋደዳሉ።

በርሜሉ ሲመጣ ደርቆ ከሆነ ወዲያው አትሙሉት፣ ያፈሳል። ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ እንጨቱ እስኪያብጥና ማንጠባጠቡ እስኪቆም አቆዩት። አንድ ቀንም ሁለት ቀንም ሊፈጅ ይችላል።


ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ
ጥር 3

በርሜሉን አዝዣለሁ። እናቴ ‘ጠጅ ከሆነማ ማሩን እኔ ነኝ የምመርጠው’ ብላለች። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። ከመሞላቱ በፊት ባዶውን ማሽተት ትፈልጋለች።